ኮምፒዩተሩ ከታደሰ በኋላ የእህል ሚዛን ዝም ሲል ስለሚመረመርበት መንገድ

እህል በሚገዛበት ወራት በመጋዘን ደጃፍ የተተከለው የመኪና ሚዛን ክብደቱን ለኮምፒዩተሩ መንገር ቢያቆም፥ ጉዳቱ የመዝገብ ጸሐፊው ብቻ አይደለም። የተጫኑ መኪናዎች በመንገዱ ላይ ይሰለፋሉ፤ ገበሬው ዋጋውን ሳይቀበል ይመሻል፤ ዝናም ቢመጣም እህሉ ይበሰብሳል። ይህ ነገር የደረሰው ኮምፒዩተሩ በታደሰ ማግስት እንደ ሆነ፥ ሚዛኑ ተበላሽቷል ብሎ አዲስ ለመግዛት ደብዳቤ መጻፍ ገንዘብን በከንቱ ማጥፋት ነው። ትናንት የሠራ ሚዛን በአንድ ሌሊት የሚበላሽበት ምክንያት ጥቂት ነውና።

ሚዛኑ ቍጥሩን የሚልክበት ቀዳዳ ሲሪያል ፖርት ይባላል። ቍጥሩም በጠባብ በር እንደሚወጣ መንጋ በአንድ ሽቦ ላይ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተከታትሎ ያልፋል። አር ኤስ 232 የተባለው ደንቡ በአሜሪካ አገር በ1960 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያለውም እንዲሁ ነው) የወጣ ሲሆን፥ ዛሬም በብዙ ሚዛን ላይ ይገኛል። በተለመደው ፍጥነት በሴኮንድ 9600 ቢት ሲላክ፥ አንዱ ፊደል ከመነሻና ከመጨረሻ ምልክቱ ጋራ 10 ቢት ስለሚፈጅ፥ በሴኮንድ 960 ፊደል ያልፋል። በአዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ላይ ግን ይህ ቀዳዳ ስለማይገኝ፥ በመካከል የዩኤስቢ መለወጫ ይገባል። መለወጫውን የሚያነጋግረው ድራይቨር የሚባለው ክፍል ነው፤ ድራይቨሩን የሚያዝዘው ደግሞ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አስኳል የሆነው ከርነል ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፥ ኮምፒዩተሩ ከታደሰ በኋላ ተዘግቶ ተከፍቷል ወይ የሚለው ነው። አርች በተባለው የሊኑክስ ዐይነት አዲሱ ከርነል ሲገባ የቀድሞው ድራይቨሮች ከዲስኩ ይነሣሉ፤ ኮምፒዩተሩ ግን እስኪዘጋ ድረስ በቀድሞው ከርነል ይሠራል። በዚያ መካከል መለወጫውን ቢሰኩት፥ ከርነሉ ድራይቨሩን ቢፈልግ አያገኘውም። መድኀኒቱም ዘግቶ መክፈት ብቻ ነው።

ይህ ካልረዳ፥ እንደ ኡቡንቱ ያሉት የቀድሞውን ከርነል ስለማያጠፉት፥ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ከሚታየው ዝርዝር የቀድሞውን መርጦ ማስነሣት ይቻላል። ይህ ፈተና ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ከብዙ ክርክርም ያድናል። ሚዛኑ በቀድሞው ከተናገረ ጥፋቱ ከአዲሱ ከርነል ወይም ከድራይቨሩ ነው። በተለይም ድራይቨሩ ከፋብሪካው ለብቻ መጥቶ ለቀድሞው ከርነል የተሰናዳ እንደ ሆነ፥ ለአዲሱ እንደ ገና መሰናዳት አለበት። በቀድሞውም ዝም ካለ፥ ከርነሉ ያለ ጥፋቱ ተከሷልና አብሮት የገባው ሌላ ነገር ይመርመር።

ለዚህም በ2022 የወጣው ኡቡንቱ 22.04 ጥሩ ምስክር ነው። ብዙ ሰዎች ወደዚህ ካደጉ በኋላ፥ ሲኤች 340 የተባለ ርካሽ ቺፕ ያለበት መለወጫቸው ጠፋባቸው። ዲሜስግ በሚባለው ትእዛዝ የከርነሉ መዝገብ ሲነበብ፥ መለወጫው ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0 ተብሎ ስም ከተሰጠው በኋላ ወዲያው እንደ ተነጠቀ ተጽፎ ተገኘ። የነጠቀውም ብሪልቲቲዋይ የተባለው፥ ለዓይነ ስውራን የብሬል ጽሕፈት መሣሪያን የሚያገለግል ፕሮግራም ነበር። አንዳንድ የብሬል መሣሪያ ያንኑ የቺፕ መለያ ቍጥር ስለሚይዝ፥ ፕሮግራሙ መለወጫውን የራሱ መስሎት ያዘው። ዓይነ ስውር ሠራተኛ በሌለበት ቢሮ ፕሮግራሙን ማንሣት ይበቃል። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ባለበት ግን ያን ማድረግ ግፍ ስለ ሆነ፥ በደንቡ ፋይል ውስጥ ያንን መለያ ቍጥር ብቻ መሰረዝ ይገባል።

ከዝምታ ይልቅ ትርጕም የሌለው ፊደል የመጣ እንደ ሆነ፥ ድራይቨሩ ደኅና ነው፤ የሁለቱ ፍጥነት አልተስማማም ማለት ነው። ሽቦውና መለወጫው የተጠረጠሩ እንደ ሆነም፥ ባለ ዘጠኝ እግሩን መሰኪያ ከሚዛኑ ነቅሎ 2ኛውንና 3ኛውን እግር በቁራጭ ሽቦ ማገናኘት ነው፤ በኮምፒዩተሩ የተጻፈው ተመልሶ ከታየ መንገዱ እስከዚያ ድረስ ክፍት ነው።

ሁለት ሚዛን ባለበት መጋዘን ከዚህ የከፋ ነገር አለ። ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0 እና 1 የሚባሉት ስሞች የሚሰጡት በተገኙበት ተራ ስለ ሆነ፥ ከእድሳት በኋላ ሊለዋወጡ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ሚዛኑ ዝም አይልም፥ ነገር ግን የአንዱ ጭነት በሌላው ስም ይጻፋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ መለወጫውን በተሰካበት ቀዳዳ እንዲያውቀው፥ ባይ ፓዝ በሚባለው ቋሚ ስም ይጠራ። ይህ ሁሉ እስኪመረመር ድረስ፥ የኮምፒዩተሩ መስኮት የቀድሞውን ክብደት እንደ ያዘ ሊቈይ ስለሚችል፥ ቍጥሩ ከሚዛኑ ከራሱ ፊት እየተነበበ፥ ባለእህሉ በቆመበት በመዝገብ ላይ ይጻፍ።