ቤዙን ሰምታችሁታል?

“ምግብ ቤት ያለው ሰው ስለ ሙዚቃ ምን አገባው?” እንዳትሉኝ። እዚህ አትላንታ ምግብ ቤት ከከፈትኩ 13 ዓመት ሆነኝ። ሙዚቃ ያልተከፈተበት ቀን የለም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስሰማው አልኖርኩም። ሙዚቃ ለእኔ ደንበኛ ሲገባ የሚከፈት፣ ስልክ ሲደወል የሚቀነስ ነገር ነበር። በቀደም ግን ቁጭ ብዬ አንድ አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ያሰማኝ ልጄ ነው።

ሰኞ ሰኞ ዝግ ነን። የ22 ዓመቱ ልጄ አዲስ ስፒከር ሊሰቅልልኝ መጣ። ሰቅሎ ሲጨርስ ለሙከራ ብሎ የአዲስ አኮስቲክ ፕሮጀክትን “ትውስታ” የሚለውን አልበም ከፈተ። ግሩም መዝሙር የሚመራው ቡድን ነው። አልበሙ ከወጣ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ለእኔ ጆሮ ግን አዲስ ነበር። ከወላጆቻችን ሬዲዮ የምናውቃቸውን የድሮ ዜማዎች በአብዛኛው ያለ ዘፋኝ፣ በመሣሪያ ብቻ ነው የሚጫወቷቸው። አኮርዲዮኑ የግሩም ነው። ማንዶሊኑ የአንጋፋው የአየለ ማሞ። ክላርኔቱን የሚነፋው ዳዊት ፍሬው ደግሞ የታዋቂው ሙዚቀኛ የፍሬው ኃይሉ ልጅ ነው።

እኔ ወዲያው ከማንዶሊኑ ጋር ማንጎራጎር ጀመርኩ። ልጄ ሳቅ አለና፣ “አባዬ፣ ላይ ላዩን ብቻ አትስማ። ከሥር ያለውን ስማ” አለኝ።

“ከሥር ምን አለ?”

“ሄኖክ ተመስገን አለ።”

ሄኖክ የሚጫወተው ኮንትራባስ ነው። ያ ተቁሞ የሚጫወቱት፣ ከሰው ቁመት የማያንሰው ትልቁ ቤዝ። አራት ጅማት አለው። በጃዝ አብዛኛውን ጊዜ በጣት እየተነካ ነው የሚጫወቱት። ዜማውን እሱ አይዘምርም፤ ግን ምቱን ይይዛል፣ ሌሎቹ መሣሪያዎች የሚቆሙበትን ድምፅም ያነጥፍላቸዋል። ልጄ ዘፈኑን ደግሞ ከፈተልኝና እጄን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈኝ። እንጨቱ ሲነዝር ተሰማኝ። ከዚያ በኋላማ ሌላ ነገር መስማት አቃተኝ!

በእኔ ሙያ ልንገራችሁ። ሰው ወጥ በልቶ ሲወጣ “ሥጋው ይጣፍጣል፣ በርበሬው አሪፍ ነው” ይላል። “ቁሌቱ ጥሩ ነው” ያለኝ ደንበኛ እስካሁን አላጋጠመኝም። ሽንኩርቱ በደንብ ካልበሰለ ግን ምን ዓይነት በርበሬ ብትጨምሩበት ወጡ ወጥ አይሆንም። ቤዝም እንደዚያ ነው። ሲኖር ማንም አያመሰግነውም፤ ሲጠፋ ግን ሁሉም አንድ ነገር እንደጎደለ ያውቃል።

ልጄ ስለ ሰውየው ብዙ ነገር ያውቃል። ሄኖክ ወጣት ሳለ እንደኛው በዚህ አገር በስደት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ከቴዎድሮስ አክሊሉ፣ ከዮሴፍ ተስፋዬና ከአበጋዙ ክብረወርቅ ሽዎታ ጋር ሆነው፣ አድማስ በሚል የባንድ ስም “ሰንስ ኦፍ ኢትዮጵያ” የተባለ ሸክላ አወጡ። የአገር ቤት ዜማ ከሬጌ፣ ከሃይላይፍና ከሳምባ ጋር የተቀላቀለበት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ፍሬደሪክስበርግ ሪከርድስ እንደገና አሳተመው፤ ከ36 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሄኖክ ሙላቱ አስታጥቄ በተማረበት በቦስተኑ በርክሊ ሙዚቃ ተምሮ፣ በኋላ አዲስ አበባ ተመለሰ። እዚያም ከባልደረቦቹ ጋር ጃዝ አምባ የሚባለውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት አቋቁሞ ልጆች አስተምሯል።

“አንተ ይህን ሁሉ ከየት አወቅክ?” አልኩት።

“ድሮ ልጫወተው ፈልጌ አልነበር?”

እኔ ረስቼው ነበር። እሱ አልረሳውም።

የ11 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ስድስተኛ ክፍል ሲገባ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዞ መጣ፤ መሣሪያ የሚመረጥበት። ኮንትራባስ መርጦ የወላጅ ፊርማ ብቻ ቀርቶት ነበር። ምግብ ቤቱን ከከፈትን ገና ሁለት ዓመታችን ነው። ቀን እዚህ፣ ሌሊት ፓርኪንግ ነበር የምሠራው። “ይሄ ምሰሶ የሚያክል ነገር በምን መኪና ሊጫን ነው? ደግሞ ሙዚቃ እንጀራ ይሆናል? ሂሳብህን አጥና” ብዬ ወረቀቱን ሳልፈርም መለስኩለት። አስተማሪውን እንኳ አልጠየቅኩም። ብጠይቅ ኖሮ ትልልቁን መሣሪያ ትምህርት ቤቱ እንደሚያውስ፣ ለልጅ ቁመት የሚሆን አነስ ያለ ቤዝም እንዳለ ይነግረኝ ነበር። ይህንንም የነገረኝ ልጄ ነው፤ ከ11 ዓመት በኋላ።

እኛ አበሻ አባቶች ይቅርታ ስንጠይቅ ምላሳችን ይታሰራል። እንደምንም፣ “አጥፍቻለሁ ልጄ፣ ይቅርታ” አልኩት። “ችግር የለም አባዬ” አለኝ። ችግር እንደነበረ ግን ፊቱ ላይ አየሁት። ዘፈኑን አልዘጋውም። እስኪያልቅ ድረስ ሁለታችንም ዝም ብለን ሰማን።

ይህን የምጽፍላችሁ ልጆቻችሁ ሁሉ ሙዚቀኛ ይሁኑ ብዬ አይደለም። የእኔ ልጅ ኮምፒውተር ተምሮ ጥሩ ሥራ ይዟል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ልጅ አንድ ነገር ወድዶ ሲመጣ፣ እምቢ ከማለታችን በፊት አብረን ቁጭ ብለን ብንሰማው ምን አለበት? አንድ አልበም አንድ ሰዓት አይሞላም።

እስቲ በዚህ ሳምንት ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት። በስልክ ስፒከር ግን አይሆንም። የቤዝ ወፍራሙ ጅማት በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ነው የሚርገበገበው፤ የስልክ ትንሽዬ ስፒከር ያን ድምፅ ማውጣት አይችልም። በመኪና ወይም በደህና ስፒከር ክፈቱት። መጀመሪያ ዜማውን አብራችሁ አንጎራጉሩ፤ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ለልጆቹም ከየት እንደምታውቁት አጫውቷቸው። ሁለተኛ ጊዜ ስትከፍቱት ልጆቹ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ ይከተሉ። ከእናንተ ቀድመው እንደሚያገኙት አትጠራጠሩ። በዓይናቸው ማየት ከፈለጉ ደግሞ፣ ከ1978 ጀምሮ የሚካሄደው የአትላንታ ጃዝ ፌስቲቫል አለ። በየዓመቱ በሜይ መጨረሻ ፒድሞንት ፓርክ ውስጥ ይዘጋጃል፣ መግቢያውም ነፃ ነው። ዳቦና ሻይ ይዛችሁ ሂዱ፤ ወደ መድረኩ ጠጋ በሉና ከኋላ ቆሞ ትልቁን መሣሪያ ያቀፈውን ሰው አሳዩአቸው።

የመጨረሻ ልጄ በኦገስት ስድስተኛ ክፍል ትገባለች። ያው ወረቀት ባለፈው ሳምንት ቤታችን መጣ። ወንድሟ አጠገቧ ተቀምጦ ስለ ቤዝ ብዙ ነገራት። ሰምታ ሰምታ የመረጠችው ግን ትሮምቦን ነው! “እሱ ደግሞ ምን ያህላል?” ልል አፌን ስከፍት ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። ዝም ብዬ እስክሪብቶ ፈለግኩና ፈረምኩ።