ጸሎት ሲዘገይ

ጸሎት የሚለው ቃል ጸለየ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን ትርጉሙ ልመና ማለት ነው። ሰው ከፈጣሪው ጋር የሚነጋገርበት ስለሆነም ልመና ብቻ ሳይሆን ምስጋናም ንስሐም በውስጡ አለ። ይህን ባለፈው ትምህርት አይተናል። ዛሬ የምንማረው ግን ጸሎትን ስለ መጀመር ሳይሆን ጀምሮ ስለ መቆየት ነው። መጀመር ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የለመንነው ነገር ሳይመጣ ወር፣ ከዚያም ዓመት ሲያልፍ ነው።

በቀየትና በአካባቢው ደጋ የምትኖሩ ተማሪዎች መጠበቅ ምን እንደሆነ ከከተማ ልጆች ይልቅ ታውቃላችሁ። በመንዝና በግሼ ብዙው ገብስ የበልግ ዝናብ ጠባቂ ነው። ዝናቡ በየካቲት ይመጣል ተብሎ መሬቱ ይታረሳል፤ አንዳንድ ዓመት ግን የካቲት ያልፋል፣ መጋቢትም ይጋመሳል፣ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ይቀራል። ያን ጊዜ ካህናቱ ምህላ ያውጃሉ። ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ተሰብስቦ ኪርያላይሶን 41 ጊዜ ይባላል፤ በማግሥቱም እንዲሁ። ከትልልቆቹ ጋር ቆሞ የሚሰግድ ልጅ በሦስተኛው ቀን በልቡ «እግዚአብሔር አልሰማን ይሆን?» ብሎ ቢጠይቅ አይገርምም። መጠየቁም ኃጢአት አይደለም። ቅዱስ ዳዊት እንኳ እግዚአብሔር የረሳው እስኪመስለው ድረስ ተጨንቆ ጠይቋል (መዝ. 12)። ልብ በሉ፤ ዳዊት ይህን የጠየቀው ጸሎቱን ትቶ ሳይሆን በጸሎቱ ውስጥ ሆኖ ነው። ቅሬታውን ለሌላ ሰው አላወራም፤ ለራሱ ለእግዚአብሔር ተናገረ እንጂ።

በግእዝ መጠበቅ፣ መቆየት «ጸንሐ» ይባላል። መበርታት፣ መጠንከር ደግሞ «ጸንዐ» ይባላል። በንባብ ጊዜ ሐመሩ ሐ እና ዓይኑ ዐ ሲምታቱባችሁ መምህራችሁ ይቆጧችኋል፤ ልክ ናቸው፣ ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ቢሆንም ጎን ለጎን መጻፋቸው ጥሩ ማስታወሻ ይሆናል፤ በእግዚአብሔር ፊት የጸንሐ ሰው ሳያውቀው ይጸናልና።

አባቶቻችን መጠበቅን ከሚያውቁበት ነገር አንዱ በዓይናችሁ የምታዩት ጓሳ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በዚያ ምድር የሚበቅለው የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለዝናብ መከለያ ለጌሳ ያገለግላል። የአስቦና የጌራ ልጆች የተባሉት የመንዝ ባለርስቶች ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ በሥርዓት ይጠብቁት እንደነበር ይነገራል። ሣሩ እንዲያድግ ቦታው ሦስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ማንም ማጭድ ይዞ አይገባም፣ ከብትም አይሰማራም። ሲከፈት በበጋው ደረቅ ወራት ይከፈትና የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል፣ ተመልሶ ይዘጋል። ይህ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ፈረሰ፤ በኋላ ሕዝቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቁሞታል። ጓሳ በተዘጋበት በሁለተኛው ዓመት ጣራው የሚያፈስበት ሰው ዓይኑ እያየ ሣሩን አለመንካቱ ቀላል ፈተና አልነበረም። ቶሎ ቢያጭደው ግን አጭርና ልል ሣር ይዞ ይመለሳል፤ ቤቱም ዳግመኛ ያፈሳል። የመዘጋቱ ዓመታት ባዶ ዓመታት አልነበሩም፤ ሣሩ ከመሬት በታች ሥር፣ ከመሬት በላይ ቁመት ይጨምርባቸው ነበር።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያንም መጠበቅን በቀን መቁጠሪያዋ ውስጥ አስገብታ ታስተምረናለች። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ልደት በዓል የምንጾመው ጾመ ነቢያት ይባላል። ነቢያት የጌታን መወለድ ሲጠብቁ የጾሙትንና የጸለዩትን በማሰብ ነው። በታኅሣሥ የሚውሉት ሦስት ሰንበታት ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ተብለው ይጠራሉ፤ የሚመጣውን መስበክ፣ በጨለማ ሆኖ ብርሃንን መናፈቅ፣ በጎች ሆኖ እረኛን መጠበቅ ማለት ናቸው። ለአዳም የተሰጠው የተስፋ ቃል የተፈጸመው ከ5500 ዓመት በኋላ እንደሆነ ሊቃውንቶቻችን ያስተምራሉ። እኛ ውጤቱን ስለምናውቅ ጾሙ ያጥርብናል። ኢሳይያስ ግን ልደትን ሳያይ ነው የሞተው።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ሰዎች ደግሞ ጥቂቶቹን እናንሣ። አብርሃም ከአገሩ ሲወጣ የ75 ዓመት ሰው ነበር፤ ይስሐቅ የተወለደው 100 ዓመት ሲሆነው ነው። መካከሉ 25 ዓመት ነው። እስራኤል ደግሞ ሙሴን 40 ቀን መጠበቅ አቅቷቸው ጥጃ አሠርተው ሰገዱ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ሆነባቸው። ነቢዩ ዳንኤል ሦስት ሳምንት ጾሞ ከቆየ በኋላ መልአኩ መጥቶ የነገረው ነገር ይደንቃል፦ ጸሎቱ የተሰማው ገና በመጀመሪያው ቀን ነበር፤ የዘገየው መልእክተኛው ነው (ዳን. 10)። ስለዚህ መልስ ዘገየ ማለት ጸሎት አልተሰማም ማለት አይደለም።

ካህኑን ዘካርያስን ግን ቀስ ብለን እንየው። እርሱና ኤልሳቤጥ ልጅ ሳይወልዱ አረጁ። በሰው ፊት ይህ ነቀፌታ ነበር። ዘካርያስ ልመናዬ አልደረሰልኝም ብሎ ክህነቱን አልተወም፤ የክፍሉ ተራ ሲደርስ ወደ ቤተ መቅደስ ይሄዳል፣ ዕጣ ሲወጣለትም ዕጣን ያጥናል። መልአኩ ገብርኤል ያገኘው በዚያ ሥራ ላይ ቆሞ ነው። ጸሎቱ እንደተሰማለት ሲነግረው ግን ዘካርያስ ማመን አቃተው (ሉቃ. 1)። ለዓመታት የለመነውን ሲሰጡት ደነገጠ! ረጅም ጊዜ የጠበቀ ልብ ተስፋው እንዲህ ይደክማል። ያም ሆኖ እግዚአብሔር ስጦታውን አልከለከለውም፤ ሕፃኑ እስኪወለድና ስም እስኪወጣለት ድረስ አንደበቱን ዘጋው እንጂ። እምነታችሁ ደክሞ ሳለ የምትጸልዩ ልጆች ይህን አስታውሱ።

አሁን ከዚሁ ከእኛ አውራጃ ወደ ወጣ ታሪክ እንምጣ። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በ4ኛው ምዕተ ዓመት በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጳጳስ ሆነው ከመጡ በኋላ ለ1600 ዓመት ያህል የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስ የሚሾምላት ከግብፅ ነበር። አንዱ ሲሞት ሌላው እስኪመጣ ድረስ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ዐፄ ይኩኖ አምላክ በ13ኛው ምዕተ ዓመት ጳጳስ እንዲላክላቸው ወደ ግብፁ ሱልጣን ወደ ባይባርስ ደብዳቤ ጽፈዋል። አቡነ ሰላማ ሣልሳዊ በ1834 ዓ.ም. ከመምጣታቸው በፊትም አገሪቱ ከ10 ዓመት በላይ ያለ ጳጳስ ኖራለች። ያለ ጳጳስ ደግሞ ቅስናና ዲቁና አይሰጥም። በዚያ ዘመን ዜማውን፣ ቅዳሴውን አጠናቆ ሳለ የሚሾመው አጥቶ የቀረ ስንት ወጣት ነበር! ቅዳሴው ግን አልተቋረጠም፤ ያሉት ካህናት እያረጁም ቀደሱ።

በ1921 ዓ.ም. አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ ጳጳሳት ሆነው ተሾሙ። ሊቀ ጳጳሱ ግን አሁንም ግብፃዊ ነበሩ። በመርሐቤቴ የተወለዱትና በልጅነታቸው ደብረ ሊባኖስ የገቡት አባ ገብረ ጊዮርጊስ በዚያ ዘመን ዕጨጌ ሆኑ። ብዙም ሳይቆይ ጣልያን አገራችንን ወረረ። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተረሸኑ፤ አቡነ ሚካኤልም ተገደሉ። ዕጨጌው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው በኢየሩሳሌም ተቀመጡ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ሲጨፈጨፉ የገዳማቸው አባት በባዕድ አገር ነበሩ። ያደጉበት ገዳም፣ አብረዋቸው የቆረቡት ወንድሞች ናቸው። አምስት ዓመት እንዲህ ባለ ኀዘን ውስጥ ሆኖ «ጸሎቴ ምን ጠቀመ?» ማለት ይቻል ነበር። እርሳቸው ግን በ1933 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1940 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ተብለው ጳጳስ ሆኑ፤ በጥር 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ፣ በሰኔ 1951 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። ከአባ ሰላማ እስከ እርሳቸው ድረስ ስንት ትውልድ ጸልዮ አልፏል? ከመቶ ስንቱ አየው? ቢሆንም ላላዩት ሰዎች ጸሎት ከንቱ ነበር ማለት አንችልም።

አንዳንዶቻችሁ «እኔ የለመንኩት ሳይሆን ቀርቶ አልቋል፤ እናቴ እንድትድን ጸለይኩ፣ እርስዋ ግን ሞተች» ትሉ ይሆናል። እንዲህ ለሚል ልጅ ትንሽ ጸልየህ ነው ወይም እምነትህ ጎድሎ ነው ብሎ መመለስ ጭካኔ ነው፤ ትክክልም አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ አልተወገደለትም። የተሰጠው የሚሸከምበት ጸጋ ነው (2ኛ ቆሮ. 12)። ጌታችንም በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ ጸልዮ ጽዋውን ጠጥቷል። እናቱ የሞተችበት ልጅ ጸሎቱን ማቆም የለበትም፤ ስለ እናቱ የሚጸልየው ግን አሁን በሌላ መልክ ነው፤ በተዝካርዋና በጸሎተ ፍትሐት ስምዋን ያስጠራል።

ደግሞ መጠበቅ ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ምህላ የቆመ ገበሬ ጠዋት ሞፈሩን ይጠግናል። የታመመ ሰው ጠበል ይጠመቃል፣ ጤና ጣቢያም ይሄዳል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ በአገራችን በጸና ጊዜ «አምላኬ ሆይ ስጣቸው» እያሉ ጎተራቸውን መዝጋት ምን ዓይነት ጸሎት ይሆን ነበር?

ታዲያ በየቀኑ ምን እናድርግ? የጸሎት መጻሕፍቶቻችን በቀን የተከፈሉት ለዚሁ ነው። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሏል። መዝሙረ ዳዊትም እንዲሁ ነው፤ የሰኞው ከ1 እስከ 30፣ የማክሰኞው ከ31 እስከ 60፣ የረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ የሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ የዓርብ ከ111 እስከ 130፣ የቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ነው። እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይደገማል። ደስ ያለው ሰውም ያዘነ ሰውም ሰኞ የሰኞውን ይደግማል። ልቡ ለመጸለይ እስኪነሣሣ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ጊዜ ሳይጸልይ ያድራል፤ ተራውን የያዘ ግን እንደ ዘካርያስ ዕጣኑ ሲደርስ ይገኛል።

ትንንሾቹ ዳዊት ገና ስላልዘለቃችሁ ጠዋት ፊታችሁን ታጥባችሁ፣ ማታ ደግሞ ከመተኛታችሁ በፊት፣ ወደ ምሥራቅ ዞራችሁ በእግዚአብሔር ስም አማትባችሁ አባታችን ሆይን ከእመቤታችን ሆይ ጋር ድገሙ። ከዚያ የምትጠብቁትን ነገር በራሳችሁ ቃል ንገሩት፤ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። ደክሟችሁ ቃል ካጣችሁ «አልመጣልኝም» ማለትም ይቻላል። ጥያቄው ከከበዳችሁ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ እርሳቸውም በቅዳሴ ጊዜ አብረዋችሁ ይለምናሉ። ንባብ የጨረሳችሁት ደግሞ በሚቀጥለው ሰኞ ከመዝሙር 1 ጀምሩ፤ 30ው ከበዛባችሁ ዐሥሩን ጠዋት፣ ዐሥሩን በጎች ስታግዱ፣ ዐሥሩን ማታ አድርጉት።