ስለ ሊኑክስና ስለ ውጭ ምንዛሪ

በድሬ ዳዋ በኮምፒውተር ሙያ የማገለግል እንደ መሆኔ፣ ሰሞኑን ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና አንዱ ወገን የሶሻሊዝም ርዝራዥ፣ ሌላው ወገን ለአገር ኢኮኖሚ ፍቱን መድኃኒት እያደረገ ሲከራከር ስመለከት፣ ምስጢሩን በመጠኑ መተርጐም ተገቢ ሆኖ አገኘሁት።

ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ይህ ሥርዓት ዛሬ የሚተዳደርበት ፈቃድ መሸጥንም መነገድንም አይከለክልም፤ የሚያስገድደው፣ አከፋፋዩ ምንጭ ኮዱን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ፣ ከተቀባዩ እንዳይሰውር ነው።

ለኢኮኖሚ መድኃኒት ነው የሚሉትም ምክንያት አላቸው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በማለፉ፣ በዶላር የሚከፈል የሶፍትዌር ኪራይ በከተማችን ለከዚራ ሰፈር ሱቅም ለመሥሪያ ቤትም እጥፍ ሊሆን ተቃረበ።

የባዕድን ጥበብ የራስ ማድረግ ለድሬ ዳዋ አዲስ አይደለም፤ ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ ከተማችን ሲደርስ ኩባንያው የባዕድ ነበር፤ ነገር ግን እዚሁ በነበረው የባቡሩ ወርክሾፕ ሞተሩን ፈትተው የሚገጥሙ ባለእጆች ስለ በቀሉ፣ ጥበቡ ለእኛ ተረፈ። እንደ ሊኑክስ ያለ ምንጩ የተገለጠ ሶፍትዌርን የምወደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለፈቃድ ወደ ውጭ ይሄድ የነበረው ገንዘብ፣ ፈትቶ ለሚያጠናና ለሚጠግን ለአገር ልጅ ደመወዝ ሊሆን ይችላልና።

ሆኖም ኮምፒውተሩ ሁሉ በአዋጅ በአንድ ጀንበር ወደ ሊኑክስ ይለወጥ የሚለውን አሳብ አልቀበልም፤ የብዙ ነጋዴ ሒሳብ የሚያዘው ለዊንዶውስ በተሠራው በፒችትሪ የሒሳብ ፕሮግራም ነው። ሰርቨሩ ይቅደም፤ የጸሐፊዋና የሒሳብ ሹሙ ማሽን ግን ሥልጠናው ከተሰጠ፣ የቆዩትም ፋይሎች አንድ በአንድ ተከፍተው ከተመረመሩ በኋላ ይከተል።