ወደ ስሜን ተራሮች የሚደረግ ጉዞና አደቡ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



«ተራራ ለማየት ብቻ መጓዝ ገንዘብ ማባከን አይሆንም ወይ?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይቀርብልናል። መልሱ በኒያው ይወሰናል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ጋሺያህ ሰማዩን፣ ተራራውንና ምድሩን አይተን እንድናስተነትን ያሳስበናል። አይቶ ፈጣሪውን ያስታወሰ ሰው ጉዞው ከንቱ አይሆንም።

ከጎንደር ተነስተን ዳባትን አልፈን ደባርቅ ስንገባ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ጽሕፈት ቤት እናገኛለን። የመግቢያ ክፍያ የሚከፈለውም፣ አብሮን የሚሄደው ስካውት የሚመደበውም እዚያው ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ዋልያ ከዚህ አካባቢ በቀር በዱር የትም አይገኝም። ጭላዳው ቀን ሜዳ ላይ ሣር ሲግጥ ይውላል፤ ሲመሽ ገደል ላይ ወርዶ ያድራል። ይህን ማን አስተማረው? ልጆቻችንን እዚያው ቆመን እንጠይቃቸው።

ነገር ግን አንድ ነገር አንርሳ። ፓርኩ በግጦሽና በእርሻ ብዛት ምክንያት በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ነበር። በ2016 አብዛኞቹ ሙስሊም የሆኑት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከአያት ቅድመ አያት ቀያቸው ተነስተው ደባርቅ ሰፈሩ፤ በ2017 ፓርኩ ከዚያ መዝገብ ወጣ። ዛሬ የምናደንቀው ሜዳ የወንድሞቻችን እርሻና ግጦሽ ነበር። ስለዚህ ደባርቅ ስንደርስ እንዘይራቸው፤ ከሱቃቸው እንግዛ፤ ችግራቸውንም እንስማ። አይተን ብቻ ብንመለስ ሐቃቸውን አልጠበቅንም።

በጉዞው አደብ ይኑረን። ለጭላዳ ምግብ አንወርውር፤ ፌስታልና ጠርሙስ ይዘን እንመለስ። በ2019 እሳት ብዙ ጓሳና ቁጥቋጦ በልቷልና ክብሪት ይዘን እንጠንቀቅ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመንገድና በጥላ ሥር መጸዳዳትን ከልክለዋል።

ሶላትን በተመለከተ፣ ቂብላው ወደ ሰሜን ሆኖ ጥቂት ወደ ምስራቅ ያዘነብላል። ከሩቅ የመጣ መንገደኛ ዙህርን፣ ዐስርንና ዒሻእን ያሳጥራል። ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ውሃ ይሞቅ፤ ማሞቂያ ጠፍቶ ጉዳት ከተፈራ ተየሙም ይበቃል። ከመነሳታችን በፊትም የመንገዱን ሰላም የአገሩን ሰው እንጠይቅ፤ ሰላም ከሌለ መቅረቱ ይሻላል፤ ተራራው የትም አይሄድም።

አላህ አይተው ከሚያስተነትኑት፣ አማናንም ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።