ትምህርት ያቋረጠ ልጅ «ጭንቅላቱ ይዘጋል»?

በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር የድንበሩን አካባቢ ፋሽጋን ሲይዝ የኢትዮጵያ ገበሬዎች የሰሊጥና የማሽላ ማሳቸውን ጥለው ወጡ። በዚያው ዓመት ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ቤተሰቦች በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት፣ ኡም ራኩባና ቱነይድባ ላይ ሰፈሩ። ሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ሰው በድንበር ከተማዋ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ። በዚህ ሁሉ መካከል የብዙ ልጆች የትምህርት ዕድሜ ያለ ክፍል አለፈ።

እንዲህ ያለውን ልጅ «ጊዜው አልፎበታል፣ ጭንቅላቱ ደንዝዟል» ማለት ተለምዷል። ስሕተት ነው፤ ደግሞም ጎጂ ስሕተት ነው፤ የ11 ዓመት ልጁን 1ኛ ክፍል ለማስመዝገብ የሚያመነታ ወላጅ ይህን ሲሰማ ጭራሹን ይተወዋል።

እርግጥ አንጎል በ6 ዓመት ገደማ የአዋቂን መጠን ሊያክል ጥቂት ይቀረዋል። ማቀድንና ራስን መግዛትን የሚመራው የፊተኛው ክፍሉ ግን እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ መብሰሉን አያቆምም። በእኛው አገር «ስፒድ ስኩል» የተባለው ፕሮግራም ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ፣ ትምህርት ያመለጣቸውን ልጆች የ1ኛ፣ የ2ኛና የ3ኛ ክፍልን ትምህርት በ10 ወር ያስጨርሳል። ጭንቅላታቸው ተዘግቶ ቢሆን ይህ ባልተቻለ ነበር።

«የማስታወስ ችሎታ አብሮ ይወለዳል» የሚለውም እምነት ግማሹን እውነት ይደብቃል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ፍላቬል በ1966 እ.ኤ.አ. ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ልጆች ሥዕሎችን በቅደም ተከተል እንዲይዙ እያደረገ ከንፈራቸውን አስተዋለ። ከ20 የ5 ዓመት ልጆች ስሞቹን ለራሳቸው የደጋገሙት 2 ብቻ ናቸው፤ ከ20 የ10 ዓመት ልጆች ግን 17ቱ ደጋግመዋል። በማግስቱ ዓመት የወጣው ጥናት ይበልጥ ያስደስተኛል፦ የማይደጋግሙት የ1ኛ ክፍል ልጆች እንዲደጋግሙ ሲነገራቸው ከሚደጋግሙት እኩል አስታወሱ። ነጻ ሲተዉ ግን ብዙዎቹ ዘዴውን ተዉት። ስለዚህ አንዴ ማሳየት አይበቃም፤ አስተማሪ ደጋግሞ ማስለመድ አለበት።

በቃል መያዝን ከንቱ ሽምደዳ የሚሉም አሉ። የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ መጽሐፉን አጥፎ ለመምህሩ በቃሉ ሲያሰማ፣ በሱዳን ኸልዋ (የቁርኣን ትምህርት ቤት) ያለው ልጅም ቁርኣን ሲያሰማ፣ ያነበበውን ከአእምሮው እያወጣ ነው። ደግሞ ከማንበብ ይልቅ እንዲህ ማውጣት ትምህርትን ለረጅም ጊዜ እንደሚያጸና በጥናት ተረጋግጧል። ትርጉሙን መጠየቅ ሲጎድል ነው ጉዳቱ።

ገበያና ማሳ የዋለ ልጅ ሒሳብ አያውቅም ማለት ደግሞ ያሳዝነኛል። በብራዚሏ ሬሲፌ ጎዳና የሚሸጡ ልጆች በንግዳቸው መሐል ሲጠየቁ ከመቶ 98ቱን በትክክል መለሱ፤ ያንኑ ስሌት በወረቀት ሲሰጧቸው ወደ 37 ወረዱ። የሰሊጥ ኩንታል ዋጋ በቃሉ የሚያባዛ ልጅ ሒሳቡ አለው፤ የጎደለው ጽሕፈቱ ነው። መምህሩ ከሚያውቀው ዋጋ ቢጀምርለት ይደርስበታል።

አማርኛ፣ ትግርኛና ዓረብኛ መቀላቀልም አእምሮን አያደናግርም። ትምህርትን በእውነት የሚያከብደው ረኀብ፣ የእንቅልፍ እጦትና የጦርነት ፍርሃት ነው። በክፍል ፈዞ የሚቀመጠውን ልጅ ሰነፍ ከማለት በፊት፣ ሌሊቱን ተኝቶ እንደሆነና ቁርስ ቀምሶ እንደመጣ ይጠየቅ።