ስለ ድንቅ ታሪክ መጻሕፍትና ስለ ልጆቻችን ንባብ

አላነብም ብሎ ወላጁን የሚያስቸግር ልጅ ብዙ ነው፤ መጽሐፍ አልከድንም ብሎ የሚያስቸግር ግን ጥቂት ነው። ስለዚህም የፊተኛውን ልጅ እንዴት እንደሚገሥጹት የሚያውቁ ወላጆች ሞልተዋል፤ የኋለኛውን እንዴት እንደሚመሩት የሚያውቁ ግን ብዙ አይገኙም።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ባለው በኮዬ ፈጬ፣ በጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ፣ በአንድ ደረጃ የምንወጣና የምንወርድ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት አንድ ቀን ከምሽቱ በሁለት ሰዓት በሬን አንኳኩ። በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው የያዙትን መጽሐፍ አውጥተው በጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። በሽፋኑ ላይ ታላቅ አንበሳ ተሥሎበታል።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እስቲ ይህን ይመልከቱልኝ። ልጄ ከጓደኛዋ ተውሳ አምጥታው ሌሊቱን ሙሉ መብራት አላጠፋም ብላ ስታነብ አደረች። ታላቅ ወንድሟ ርእሱን ቢተረጕምልኝ ጠንቋይ የሚል ቃል አለበት። ልመልሰው ወይስ ልቅደደው?» አሉኝ።

«ይቀመጡ እንጂ፤ እኔም ሳላነበው አልፈርድበትም። ሁለት ቀን ይስጡኝ» አልኋቸው።

እንዲህ ብዬ ለመመለስ የቻልሁት አስተዋይ ስለ ሆንሁ አይደለም፤ ቀድሞ አንድ ጊዜ ስለ ተሳሳትሁ ነው። ገና ወጣት መምህር ሳለሁ አንድ ተማሪ ከደብተሩ ሥር ደብቆ፣ ሰዎች ወደ ጨረቃ ስለ ተጓዙበት ታሪክ ሲያነብ አገኘሁት። «ይህ ውሸት ነው» ብዬ ወሰድሁበት፤ ገልጬ እንኳ አላየሁትም። በዓመቱ መጨረሻ ልመልስለት ብጠራው «ይተዉት መምህር፤ ማንበብ ትቻለሁ» አለኝ። እውነትም ከዚያ ወዲያ በእጁ የትምህርት እንጂ ሌላ መጽሐፍ አላየሁም። እኔ አንድ መጽሐፍ የወሰድሁበት መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ለጎረቤቴ የሰጠሁትን መልስ፣ ለሌሎችም ወላጆች ይጠቅም እንደ ሆነ፣ ከዚህ ቀጥሎ እጽፈዋለሁ።

ድንቅ ታሪክ ለአገራችን እንግዳ አይደለም

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ያልታየውን አገርና ያልተፈጠረውን ፍጥረት የሚተርክ ድርሰት ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ አይደለም። ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ በአክሱም ዘመን ከጽርዕ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው፤ በውስጡም ከአመዱ ስለሚነሣ ወፍና ስለ ባለ አንድ ቀንድ እንስሳ ይነገራል፤ ከእያንዳንዱም እንስሳ ጠባይ መንፈሳዊ ምሥጢር ይወጣል። በግዕዝ የተጻፈው የእስክንድር ታሪክም ንጉሡ ወደ ጨለማ ምድር እንደ ገባና ብዙ የሚያስደንቅ ነገር እንዳየ ይተርካል። በኋላ ዘመን አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት ድርሰት «ልብ ወለድ ታሪክ» ተባለ፤ ስሙም ለዚህ ዓይነት ድርሰት ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1915 ዓ.ም. «ወዳጄ ልቤ» በተባለው መጽሐፋቸው የሰውን ጠባይ በምሳሌ እየገለጡ አስተማሩ።

በዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። መጽሐፈ ሄኖክ ስለ ሰማያት መንገድ ቢናገርም፣ በቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት የተቈጠረ ስለ ሆነ ከልብ ወለድ ጋራ በአንድ መደርደሪያ አይቀመጥም። ልጁ ይህን ልዩነት አስቀድሞ ይወቅ፤ አንዱን በእምነት ይቀበለዋል፤ ሌላውን እንደ ምሳሌ አድርጎ ይመረምረዋል።

ምርመራውም ከቅኔ ቤት የምናውቀው ነው። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ሰምቶ ዝም አይልም፤ ወርቁን ይፈልጋል። ድንቅ ታሪክም አንበሳው ሲናገር፣ መርከቡም በከዋክብት መካከል ሲሄድ ሰሙ ነው፤ ወርቁን መፈለግ ለአንባቢው የቀረ ሥራ ነው። ስለዚህ ወላጅ አንድን መጽሐፍ ለመመዘን ሦስት ነገር ይጠይቅ። ክፉው በመጽሐፉ ውስጥ ክፉ ሆኖ ይታያልን? ኃይል ያለ ዋጋ ይገኛልን? ልጄስ መጽሐፉን በከደነ ጊዜ ለሰው የሚራራ ሆኖ ይነሣልን?

ከ9 ዓመት ጀምሮ ለሚያነቡ

ጎረቤቴ ያመጡት መጽሐፍ በእንግሊዝ አገር የዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ሲ. ኤስ. ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1950 ያሳተመው «አንበሳው፣ ጠንቋይቱና ቁም ሣጥኑ» ነበር። ናርኒያ ስለምትባል አገር የተጻፉት መጻሕፍት ሰባት ሲሆኑ፣ የመጨረሻው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። አራት ወንድማማችና እኅትማማች በጦርነት ምክንያት ከከተማ ወደ ገጠር ተልከው ሳለ፣ በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ አልፈው በረዶ ወደ ሸፈናት አገር ይገባሉ። ጠንቋይቱ የዚያች አገር ጨቋኝ ናት እንጂ ምሳሌ የምትሆን ሰው አይደለችም። ከልጆቹ አንዱ በጣፋጭ ምግብ ተታሎ ወንድሙንና እኅቶቹን አሳልፎ ይሰጣል፤ ይህም ዔሳው ብኵርናውን በምስር ወጥ የሸጠበትን ታሪክ ያሳስባል። ከዚያም አንበሳው ስለ በደለኛው ልጅ ራሱን ለሞት ይሰጣል። የሰንበት ትምህርት የተማረ ልጅ በዚህ ስፍራ ሲደርስ ወርቁን ማንም ሳይነግረው ያገኘዋል።

በቅደም ተከተሉ ግን አንባቢዎች ይቸገራሉ። በኋላ የወጡት እትሞች እ.ኤ.አ. በ1955 የታተመውን፣ ስለ ናርኒያ አፈጣጠር የሚናገረውን መጽሐፍ አንደኛ ብለው ቈጥረውታል። እኔ ግን በአንበሳው መጽሐፍ እንዲጀመር እመክራለሁ፤ ምሥጢሩን አስቀድሞ ያወቀ አንባቢ የመደነቅን ደስታ ያጣልና።

ለልጃገረዶች ይልቁንም የማደሊን ሌንግልን አምስት ተከታታይ መጻሕፍት እጠቁማለሁ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1962 ታትሞ በማግሥቱ ዓመት በአሜሪካ ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን የኒውበሪ ሽልማት አግኝቷል። ራሷን እንደ ደካማ የምትቈጥር አንዲት ልጅ የጠፋ አባቷን ፍለጋ ወደ ሌሎች ዓለማት ትሄዳለች፤ በመጨረሻም የምታሸንፈው በጉልበት ሳይሆን ወንድሟን በመውደዷ ነው።

ከ12 ዓመት በላይ ለሆኑ

የሉዊስ ወዳጅ የነበረው ጄ. አር. አር. ቶልኪን የጥንት የእንግሊዝኛ ቋንቋ ሊቅ ነበር። ሉዊስ ትቶት ወደ ነበረው እምነት እ.ኤ.አ. በ1931 እንዲመለስ የቶልኪን ምክር ረድቶታል። ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1937 «ሆቢት» የተባለውን መጽሐፍ አወጣ፤ ከዚያም 12 ዓመት ያህል ደክሞ የጻፈው «የቀለበቶቹ ጌታ» እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በሦስት ክፍል ታተመ። ስለ ልብ ወለድ ሕዝቦቹ ቋንቋ ከነሰዋስዉ ፈጥሯልና የቋንቋ ፍቅር ያለው ተማሪ በዚህ ብዙ ይደሰታል።

ነገሩ ስለ አንድ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ለያዘው ሰው ታላቅ ኃይል ይሰጣል፤ ኃይሉ ግን የያዘውን ሰው መልሶ ይገዛዋል። ለበጎ ሥራ እጠቀምበታለሁ ያለውም ቢሆን አያመልጥም። ስለዚህ ቀለበቱን የማጥፋት ሸክም የወደቀው በንጉሥ ወይም በጦር መሪ ላይ ሳይሆን በቁመቱ አጭር በሆነ፣ ማንም በማያውቀው የገጠር ሰው ላይ ነው። ፍጻሜውን አልናገርም፤ ነገር ግን ለአንድ ጐስቋላ ፍጥረት በመንገድ ላይ የተደረገው ምሕረት በመጨረሻው ሰዓት ምን እንደሚሠራ አንባቢው ይጠብቅ። ልጁ በ«ሆቢት» ይጀምር፤ ቀላልና አስቂኝ ነውና።

ሳይንስ የሚወድ ልጅ ደግሞ ፈረንሳዊውን ዡል ቬርንን ያንብብ። ከ50 በላይ የሆኑት የጉዞ መጻሕፍቱ በአንድ ርእስ ሥር ተሰብስበዋል። እ.ኤ.አ. በ1865 ባወጣው መጽሐፍ ሦስት ሰዎች ከፍሎሪዳ ተነሥተው ወደ ጨረቃ ይሄዳሉ፤ ከ104 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ አፖሎ 11 ሦስት ሰዎች ይዞ ከዚያው ከፍሎሪዳ ተነሣ። ቬርን ግን መንገደኞቹን በመድፍ ነው የሚተኵሳቸው፤ እንዲህ ያለውን ድንገተኛ ግፊት ደግሞ የሰው ገላ አይችለውም። ልጁ ስሕተቱን ይፈልግ፤ ለምን ስሕተት እንደ ሆነም ለፊዚክስ መምህሩ ያስረዳ። እኔ «ውሸት ነው» ብዬ የወሰድሁት ታሪክ እንዲህ ያለ ትምህርት የሚገኝበት ነበር። ደግሞስ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና ምድር አስወንጭፋ የለምን? በጎረቤታችን በቂሊንጦ ባለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነገ የሚገቡት ልጆች ዛሬ ከእነዚህ መጻሕፍት ላይ የተደፉት ናቸው።

ከ16 ዓመት በላይ ለሆኑ

በአማርኛ ማንበብ የሚወድ ወጣት የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ያውቀዋል። በ2001 ዓ.ም. ታትሞ ደጋግሞ የተባዛ ሲሆን፣ «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ» ተከትለውታል። ኢትዮጵያውያን የሳይንስ ሊቃውንትን፣ ስለላንና የጣናን ገዳማት በአንድ ክር የሚያስተሳስር ነው። የምክሬ ቃል አንድ ነው፤ ስለ ገዳማቱ የተባለውን እንደ ልብ ወለድ እንጂ እንደ ታሪክ አይውሰዱት፤ እውነተኛውን ታሪክ ከታሪክ መጻሕፍት ይፈልጉ።

ከናይጄሪያውያን ወላጆች በአሜሪካ የተወለደችው ንኔዲ ኦኮራፎር «ቢንቲ» በሚል ስም እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 ሦስት አጫጭር መጻሕፍት አውጥታለች። አንዲት የሂምባ ልጃገረድ የአገሯን ቀይ አፈር ተቀብታ በሌላ ዓለም ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች። የምትሄደው ግን ከቤተ ሰቧ ተደብቃ ነው፤ ስለዚህ እናትና ልጅ አብረው ቢያነቡት ብዙ የሚነጋገሩበት ነገር ያገኛሉ።

አይዛክ አሲሞቭ እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1953 ያሳተማቸው ሦስት የ«ፋውንዴሽን» መጻሕፍት ደግሞ ለብርቱ አንባቢ ናቸው። አንድ የሒሳብ ሊቅ ታላቁ መንግሥት ሊወድቅና 30,000 ዓመት ጨለማ ሊሆን መሆኑን ያውቃል፤ ጨለማውን ወደ 1,000 ዓመት ለማሳጠር ዕውቀትን የሚጠብቁ ሰዎች በዓለም ዳርቻ ያሰፍራል። አሲሞቭ አማኝ አልነበረም፤ ሃይማኖትንም የገዢዎች መሣሪያ አድርጎ ያሳየበት ክፍል አለ። ስለዚህ ወጣቱ ይከራከርበት። ለክርክሩም ከአገራችን ጥሩ ማስረጃ አለው፤ መጽሐፈ ሄኖክ ከሌላው ዓለም ጠፍቶ ሲኖር ሙሉውን በግዕዝ የጠበቁልን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው፤ ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1773 ወደ አውሮፓ ያደረሰው ከእነርሱ ዘንድ አግኝቶ ነው። በዳርቻ ተቀምጦ ዕውቀትን መጠበቅ ለእኛ ልብ ወለድ አይደለም።

ይሁን እንጂ ሽፋኑ ስለ ተመሳሰለ ሁሉ አንድ አይደለም። ጆርጅ አር. አር. ማርቲን እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ያሳተማቸው፣ በቴሌቪዥንም የታወቁት የዙፋን ጦርነት መጻሕፍት፣ ጭካኔና ዝሙት በግልጽ የሚነገርባቸው ስለ ሆኑ በልጆች እጅ ሊገቡ አይገባም። ቶልኪንን ወደደ ተብሎ እነዚህን ለልጅ መስጠት መዝኖ አለመስጠት ነው።

ስለ መጽሐፍ ዕቁብ

«መጻሕፍቱ ከየት ይምጡ? ዋጋቸውስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። በ4 ኪሎ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ለኮዬ ፈጬ ልጅ ግን መንገዱ ሩቅ ነው። ስለዚህ እኛ በሕንፃችን የሠራነውን እነግራችኋለሁ። የናርኒያ መጻሕፍት ሰባት ናቸው፤ ሰባት ቤተ ሰብ ተሰበሰብንና እያንዳንዳችን አንድ አንድ ገዛን፤ ያገለገለ መጽሐፍ የሚሸጡ ነጋዴዎች ዘንድ የተገኘውንም ያገለገለውን ወሰድን። በየሦስት ሳምንቱ መጻሕፍቱ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። እንዲህ በአንድ መጽሐፍ ዋጋ ሰባት ይነበባል። እንደ ማንኛውም ዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ጸሐፊዋ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ሕጉም ሦስት ነው፤ የጸሎትና የእንቅልፍ ሰዓት አይነካም፤ የትምህርት ቤት ሥራ ይቀድማል፤ መጽሐፉን የጨረሰ ልጅ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ሲፈላ ታሪኩን በአማርኛ ለቤተ ሰቡ ይተርካል።

ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ሦስተኛው ሕግ ነው። እንግሊዝኛ የማያነብ ወላጅም በዚህ ልጁ የሚውልበትን ዓለም ያውቃል፤ «ወርቁስ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ልጁም የሚደበቅበት ምክንያት አይኖረውም። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ከልጃችሁ እጅ መጽሐፍ ከመውሰዳችሁ በፊት ታሪኩን አስተርኩት።

እነዚያ እናት መጽሐፉን አልቀደዱትም፤ አልመለሱትምም፤ ልጃቸው በሦስት እሑድ ተርካ ጨረሰችላቸው። ባለፈው ሳምንት በደረጃው ላይ ተገናኝተን ሰላምታ ከሰጡኝ በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ «መምህር፣ ሁለተኛው መጽሐፍ ከማን ቤት ነው ያለው?» ብለው ጠየቁኝ።