«ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ»

ትምህርታቸውን ጨርሰው ሥራ ከሚፈልጉ ወጣቶች ዘንድ ደጋግመን የምንሰማው አንድ መልስ አለ። የሒሳብ መዝገብ መያዝ ትችላለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ የሰፈሩን ዕድር መዋጮ ያለ ጉድለት ሲመዘግብ የኖረው ልጅ አንገቱን ደፍቶ «ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ» ይላል። ጠያቂውም አይችልም ብሎ ያልፈዋል።

ይህ መልስ ከስንፍና የመጣ አይደለም። በቤታችን «እኔ፣ እኔ» ማለት ነውር ነው፤ በታላቅ ፊት ቀና ብሎ ማየትም እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ልጆቻችን ይህን አስተዳደግ እንዲጥሉት አንመክርም። ነገር ግን ትሕትና የሠሩትን መደበቅ አይደለም። ስለዚህ ራሳቸውን እንዲያመሰግኑ ሳይሆን የሠሩትን እንዲመሰክሩ እናለማምዳቸዋለን። «ጎበዝ ነኝ» ማለት የሚከብደው ወጣት «የ60 አባወራ መዋጮ በየወሩ እየተቀበልሁ፣ ደረሰኝ እየቆረጥሁ፣ ለገንዘብ ያዡ አስረክብ ነበር» ማለት አይከብደውም። ፍርዱን ለሰሚው ይተዋል። በጉባኤ ፊት ቆመው ለመመስከር የማይፈሩ ልጆች ከጠረጴዛ ማዶ በተቀመጠ አንድ ሰው ፊት መንቀጥቀጣቸው ያስገርመናል፤ ነገሩ እኮ ያው ነው።

ለዚህ ወረቀትና እርሳስ ይዞ አንድ ከሰዓት መቀመጥ ያስፈልጋል። በእናት ሱቅ መሸጥ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ማስተማር፣ ለሠርግ ወንበርና ሳህን ተረክቦ መመለስ፣ ሁሉም ይጻፍ። «ይህማ ሥራ ነው እንዴ?» የሚሉን ብዙ ናቸው። ዕቃ ቆጥሮ ተረክቦ ቆጥሮ ያስረከበ ሰው ግን የንብረት ክፍል ሠራተኛ የሚሠራውን ሠርቷል። የተጻፈውም ድምፅ ወጥቶ ለሌላ ሰው ይነገር፤ በልብ ብቻ የተጠና መልስ በአፍ ሲወጣ ይሰናከላልና።

ሌላው ልብ የሚሰብረው ዝምታ ነው። ማመልከቻ ገብቶ መልስ ሳይመጣ ወራት ሲያልፉ ወጣቱ «አልረባም» ወደ ማለት ይደርሳል። ለአንድ ቦታ ብዙ ሰው ማመልከቱን ግን ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ለብቻው ቆሞ አያስበውም። ሁለት ሦስት ሆነው ቢሄዱ፣ ያገኙትንም ቢነጋገሩበት ሸክሙ ይቀልላል። ምዕመናንም የምንችለው አለ፤ ፎቶ ኮፒና የታክሲ ሒሳብ መሸፈን፣ መሥሪያ ቤት የሚያውቅ ወንድም ወይም እኅት ጠያቂ ሆኖ እንዲያለማምድ ማድረግ። ገንዘብ ለሚያስይዝ ሥራ ዋስ ይጠየቃል፤ ከገጠር ለመጣ ልጅ ይህ ትልቅ ግድግዳ ነው። ዋስ የምትሆኑ ግን ወረቀቱን አንብባችሁ ፈርሙ፤ ዕዳው እውነተኛ ዕዳ ነው።

ሕጉን ማወቅም ወገብ ያጠነክራል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ ይኸውም በጽሑፍ መሆን አለበት። በእነዚህ ቀናት አሠሪው ሠራተኛውን ይፈትናል፤ ሠራተኛውም ሥራው ካልተስማማው ያለ ማስጠንቀቂያ መተው ይችላል። እንግዲህ ምርመራው የሁለቱም ነው። ሥራውን ሲለቅም የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በነፃ የማግኘት መብት አለው። የሠራው ጥቂት ወር ቢሆንም ሳይጠይቅ አይውጣ፤ ለሚቀጥለው ማመልከቻ የሚያያይዘው እርሱን ነው።